እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተረተው አባት የሜልበርኖችን ኳስ ቢያይ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። የአውስትራልያ እግር ኳስ ኳሱ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። መሬት በነካ ቁጥር ወዴት እንደሚነጥር የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ሜዳውም እንደ ኳሱ ሞላላ ነው፤ በየወገኑ 18 ተጫዋች ይሰለፍበታል። ኳሱን በእግር ይጠልዙታል፣ በእጅ ይይዙታል፣ በቡጢ እየመቱ ይቀባበሉታል። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ጠልዞ ያሳለፈ 6 ነጥብ፣ በጎንና በጎን በቆሙት አጫጭሮች በኩል ያሳለፈ 1 ነጥብ ያገኛል። አገሬው በቁልምጫ «ፉቲ» ይለዋል።

እኔና ቤተሰቤ የኖርዝ ሜልበርን ደጋፊዎች ነን። ይህን ስናገር የሚያዳምጠኝ ሰው ፉቲን የሚያውቅ ከሆነ ወይ ፈገግ ይላል፣ ወይ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው «አይዞህ» ይለኛል። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡን የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ ሰፈሩ መረጠልን። የምንኖረው በኖርዝ ሜልበርን ካሉት የመንግሥት ኪራይ ፎቆች በአንደኛው ነው። ሐበሻው፣ ሱማሌው፣ ሱዳኑ፣ ቬትናሙ በአንድ አሳንሰር የሚወጣና የሚወርድበት፣ እሑድ ጠዋት አንዱ ቤት ቡና ሲቆላ ሦስት ፎቅ የሚያውድበት ቦታ ነው። የክለቡ መለማመጃ የሆነው የአርደን ጎዳና ሜዳ ከደጃችን በእግር ይደረሳል። ክለቡ እዚያው ቅጥር ውስጥ ከ2010 ጀምሮ «ዘ ሃድል» የሚባል የወጣቶች ፕሮግራም አለው፤ የስደተኛ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራቸውን የሚያግዛቸው ሰው ያገኙበታል። ልጄ እዚያ ሒሳብ ሊያጠና ሄዶ ሰማያዊና ነጭ ሻርፕ በአንገቱ ጠምጥሞ ተመለሰ። «አባዬ፣ እኛ እኮ ኖርዝ ነን» አለኝ።

«እኛ» የምትለው ቃል ለስደተኛ ቀላል ቃል አይደለችም። እኔ በዚህ አገር ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ግብር ከፍዬ፣ ዜግነትም ወስጄ ስለ አውስትራልያ ስናገር እስካሁን «እነሱ» ነው የምለው። ልጄ ግን በአንድ ሻርፕ «እኛ» ውስጥ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። በካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 የኖርዝን ማሊያ ለብሶ በመጀመሪያ ምቱ ጎል እንዳገባ ጎረቤቶቻችን ሲያወሩ ሰማን፤ ያኔ በሩ ለእኛም ክፍት መሆኑ ይበልጥ ገባን። ሰፈሩ የቄራና የሥጋ ቤት ሠራተኞች መንደር በነበረበት ዘመን የወጣው «ሺንቦነር» የሚል ቅጽል ስም ደግሞ ከበሬ ቅልጥም አጥንት የመጣ መሆኑን ስሰማ፣ ለሐበሻ ከዚህ የተሻለ ክለብ ከወዴት ይገኛል አልኩ።

ክለቡ በ1869 ተመሠረተ። በ1925 ወደ ትልቁ ሊግ ገብቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው በ1975 ነው፤ አሠልጣኙ ሮን ባራሲ ነበር። በ1977 ደገመ። በዴኒስ ፓጋን ዘመን በ1996 እና በ1999 ሁለት ጨመረ። ስለዚህ ኖርዝ መጠበቅን የሚያውቅ ክለብ ነው። ሆኖም መጠበቅም ዓይነት አለው።

እነሆ የስድስት ዓመቱ መዝገብ። በ2020 ወረርሽኙ ውድድሩን ባሳጠረበት ዘመን ከ17 ጨዋታ 3 አሸነፍን። በመጨረሻም ማጃክ ዳውን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ ራይስ ሾው ራሱ ተከተላቸው። ዴቪድ ኖብል መጣ። በ2021 በሦስተኛው ሳምንት፣ በፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት፣ በዌስተርን ቡልዶግስ በ128 ነጥብ ልዩነት ተሸነፍን። የእኛ ስቅለት ገና አራት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ እኛ ቤት ግን ሕማማቱ በዚያን ዕለት ገባ። ኖብል እስከ ጁላይ 2022 ድረስ 38 ጨዋታ መርቶ 5 አሸንፎ፣ በአንዱ እኩል ወጥቶ ሄደ። በጊዜያዊነት የተተካው ሊ አዳምስ በመጀመሪያው ጨዋታው ሪችመንድን አሸነፈ። ሁለቱንም ዘመን፣ 2021ንም 2022ንም፣ የጨረስነው በሰንጠረዡ ግርጌ ነው።

ከዚያ አላስቴር ክላርክሰን መጣ። በሆቶርን አራት ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው፤ በ2008፣ ከዚያም ከ2013 እስከ 2015 በተከታታይ። በወጣትነቱ የኖርዝ ተጫዋች ስለ ነበረ «ልጅ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ» ተባለ። የ2023ቱን ውድድር በሁለት ድል ጀመርን። ፎቃችን ውስጥ እልል ያለ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ 20 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ክላርክሰን በሜይ ለጤናው ዕረፍት ወጥቶ ብሬት ራተን ተተካ፤ በኦገስት ተመለሰ። በዚያ ዓመት 3፣ በ2024 ደግሞ 3፣ በ2025 ደግሞ 5 አሸነፍን፤ በዚያው በ2025 ዋንጫውን ከወሰደው ከብሪስቤን ጋር አንድ ጊዜ እኩል ወጣን። ሲደመር በስድስት ዓመት 130 ጨዋታ፣ 20 ድል። ልጄ በዘ ሃድል የተማረው ሒሳብ መጀመሪያ የዋለው ለዚህ ድምር ነው።

አሠልጣኝ በተለወጠ ቁጥር የሚነገረን አንድ ቃል ነው፦ መልሶ ግንባታ። ወጣቶቹ ይበስላሉ፣ ታገሡ። የመልሶ ግንባታው መሠረት ደግሞ «ድራፍት» ይባላል። አዲስ አበባ ድራፍት ማለት በብርጭቆ ተቀድቶ የሚቀርብ ቢራ ነው፤ እዚህ ግን ክለቦች በየዓመቱ ለጋ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ተራው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ብዙ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። ደካማውን ለማንሣት የታሰበ ደግ ሕግ ነው። ግን ደግ ሕግም ሰውን ያበላሻል። የተሸናፊ ክለብ ደጋፊ ቀስ በቀስ ዓይኑን ከሜዳው አንሥቶ ወደ ድራፍቱ ይተክላል፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ኑሮ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ላሟ ከሰማይ ወረደች። በ2021 ድራፍት ኖርዝ የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝቶ ጄሰን ሆርን-ፍራንሲስን ወሰደ። ወጣቱ አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ወደ ፖርት አዴሌይድ ሄደ። ላሟ አንድ ዓመት ታልባ ሌላ በረት ገባች። በወጣቱ አልፈርድበትም፤ በሁለት ዓመት ሦስተኛ አሠልጣኙን የሚጠብቅ ክለብ ውስጥ የ19 ዓመት ልጅ ለምን ይቆያል?

ከሁሉ ይበልጥ የማልረሳው የ2023ቱን የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ከ20 ተከታታይ ሽንፈት በኋላ ሆባርት ላይ ከጎልድ ኮስት ጋር ተጋጠምን። ብንሸነፍ መጨረሻ እንሆናለን፤ መጨረሻ ብንሆን የመጀመሪያው ምርጫ ይደርሰናል። አገሩ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ሃርሊ ሪድ የሚባል ወጣት በዚያ ዓመት ይጠበቅ ነበር። እኔም ሥራ ቦታ ያሉ ደጋፊዎችም ሳምንቱን ሙሉ ስንሰላ ከረምን። ቅዳሜ ደረሰ፤ ኖርዝ አሸነፈ። ዌስት ኮስት ከታች ቀረ፣ ሃርሊ ሪድም ወደ ዌስት ኮስት ሄደ።

ልጄ ሶፋው ላይ ወጥቶ ይዘላል። ስልኬ ላይ ደግሞ የሥራ ጓደኞቼ መልእክት ይዘንባል፦ «ለምን አሁን? ማሸነፍ እንኳ በጊዜው የማያውቅ ክለብ!» ልጄ መዝለሉን አቁሞ ፊቴን አየ። «አባዬ፣ አሸንፈን የለም እንዴ? ማነው የሞተው?» አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? ሽንፈት ይሻለን ነበር ልበለው? በአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን ደስታውን በሒሳብ ላርክስበት? «አሸንፈናል» አልኩት፤ አብረን ዘለልን። የታች ጎረቤታችን ጣራዋ ተደበደበ መሰለኝ፣ በመጥረጊያ እንጨት መለሰችልን። በዚያ ሌሊት ግን አንድ ነገር ገባኝ። የመልሶ ግንባታ ትልቁ ጉዳት ሽንፈቱ አይደለም። ሰውን ገና ባልመጣ ቀን ውስጥ አስቀምጦ የዛሬዋን ደስታ ከእጁ መንጠቁ ነው።

ስለ አሠልጣኝነቱም ዝም ብዬ አላልፍም። ጁን 2024 ከኮሊንግዉድ ጋር ስንጫወት በ54 ነጥብ መርተን ነበር፤ ዘጠኝ ጎል ማለት ነው። በ1 ነጥብ ተሸነፍን። ወጣት ቡድን መምራትን ስለማያውቅ ይደነግጣል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ተጋጣሚ ማዕበል ሆኖ ሲመጣ ኳሱን ማብረድ፣ ሰው መቀየር፣ አንድ ተከላካይ ወደ ኋላ መጨመር የዳር ቆሞ ተመልካች ሥራ ነው፤ ያም ተመልካች አሠልጣኙ ነው። ወጣቱን «ይበስላል» ብለን ብንጠብቀው ያባት ነው። አራት ዋንጫ ያነሣውን ሰው ግን ምን ብለን እንጠብቀው? እሱ የመጣው በስሎ ነው።

በዚህ ላይ «ሜዳችን» የምንለው እንኳ ሁልጊዜ ሜዳችን አይደለም። ክለቡ ገቢ ስለሚያስፈልገው ከ2012 ጀምሮ አንዳንድ የሜዳው ጨዋታዎቹን ሆባርት፣ በ2025 ደግሞ ሁለቱን ምዕራብ አውስትራልያ ወስዷል። ድሃ ቤት ማከራየቱ አያስነውርም። ሆኖም ከደጁ በእግር የሚሄድ ልጅ «የሜዳችን ጨዋታ» የተባለውን ባሕር ተሻግሮ በቴሌቪዥን ሲያይ ምን እንደሚሰማው ማንም ቢጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ልጅ እንደ ነበሩ ይናገራሉ፤ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን ቀን እንደ ትናንት ያወሩታል። በየሳምንቱ ሳማርር ሰምተው አንድ ቀን ቡና ላይ ገሠጹኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቡድን እንደ እናት ነው። እናት ወጧ ቢያርም አይነቀፍም። ታማኝ ሰው ይታገሣል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከ1962 ጀምሮ ታግሠዋል» አልኳቸው። «ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ተመልሶ መጣ?»

«አልመጣም።»

«በ1982 ከተሳተፍን በኋላ እንኳ ወደ ውድድሩ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን፤ እስከ 2013። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ድሮው ዋንጫ አወራን እንጂ ስለ ጠፋው ሥራ ማን ጮኸ?»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ጩኸት ኳስ አያገባም» አሉኝ በመጨረሻ። መልሳቸው ቀላል መልስ አይደለም፤ አሁንም አስበዋለሁ። እውነትም የእኔ ምሬት አንድም ጎል አላገባም።

ነገር ግን ስለዚሁ ክለብ ሌላ ታሪክ አለ። በ2007 የሊጉ ባለሥልጣናት ኖርዝን ወደ ጎልድ ኮስት ለማዛወር ብዙ ገንዘብ አቀረቡለት። ክለቡ ድሃ ነበር፤ ቢቀበል ዕዳው ይቀል፣ አዲስ ከተማም ያገኝ ነበር። አባላቱ ግን «ከአርደን ጎዳና አንነቃነቅም» ብለው ጮኹ፣ ተሰበሰቡ፣ ገንዘብም አዋጡ። በዲሴምበር 2007 ቦርዱ እንቢ አለ። ያኔ እነዚያ ሰዎች በትዕግሥት ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጄ ሒሳብ ያጠናበት ክፍል ባልኖረ። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የተባለው ለዚህ ነው። ማማረር የከዳተኛ ጠባይ ተደርጎ ሲቆጠር እሰማለሁ። ከዳተኛ ግን አያማርርም፤ ሻርፑን አውልቆ የሚያሸንፈውን ክለብ ይለብሳል። የሚያማርረው የቀረው ነው።

መልሶ ግንባታ የሚለውን ቃል ከሌላ ወገንም ሰምተነዋል። በሴፕቴምበር 2023፣ ያ 20 ሽንፈት ባለቀ በወሩ፣ የቪክቶርያ መንግሥት በሜልበርን ያሉትን 44 የኪራይ ፎቆች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ መልሶ እንደሚገነባ አስታወቀ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የኖርዝ ሜልበርንና የፍሌሚንግተን ፎቆች ይገኙበታል። ፎቆቹ አርጅተዋል፣ ይህን ማንም አይክድም። ነዋሪው የጠየቀው ሌላ ነው፦ የሚገነባው ለማን ነው? እስኪገነባ ድረስስ የት እንሁን? ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው የጠየቁም አሉ። እነሆ እኛ ቤት አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ቡድኑም ቤቱም «ታገሡ፣ እየገነባን ነው» ይሉናል። የ10 ዓመት ልጅ ዕድሜ ግን እንደ ሲሚንቶ አይጠብቅም። ቡድኑ ተገንብቶ ሲያልቅ ልጄ ጢም ያበቅላል፤ ፎቁ ተገንብቶ ሲያልቅ ሰፈሩን ያውቀው እንደሆነ እንጃ።

ትዕግሥትን እያጣጣልኩ አይደለም። ትዕግሥት ፍሬ ሲያፈራ እዚያው አርደን ጎዳና ላይ አይቻለሁ። የኖርዝ ሜልበርን የሴቶች ቡድን ወደ ሊጉ የገባው በ2019 ነው። በቀድሞው የክለቡ ተጫዋች በዳረን ክሮከር እየሠለጠነ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ወጣ። በ2023 ለዋንጫ ደርሶ በብሪስቤን ተሸነፈ። በ2024 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ያንኑ ብሪስቤንን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2025 ሁሉንም አሸንፎ፣ አሁንም በፍጻሜው ብሪስቤንን ረትቶ ደገመው። ክለቡ ያው ክለብ፣ ማሊያው ያው ማሊያ፣ ሜዳውም ያው ሜዳ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ የሴቶቹ አሠልጣኝ ታገሡ ሲል የታገሥንበትን ነገር በየዓመቱ በዓይናችን አየነው። ትናንት ያልቻሉትን ዛሬ ይችሉታል። ወንዶቹ ጋ ግን በየዓመቱ የምናየው አዲስ ተስፋ እንጂ አዲስ ችሎታ አልነበረም። በ2025 የታየችው ትንሽ መሻሻል እንኳ ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣች ናት።

ስለዚህ ከአሠልጣኙ የምጠይቀው ዋንጫ አይደለም። 50 ዓመት የጠበቀ ክለብ ደጋፊ ዋንጫ ለመጠየቅ አይቸኩልም። የምጠይቀው ሒሳብ ነው፦ አምና ስንመራ እንደነግጥ ነበር፣ ዘንድሮ ምን ተማርን? አምና በአንድ ሩብ ስምንት ጎል ይገባብን ነበር፣ ዘንድሮ ማን ኃላፊ ሆነ? ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ ካለ ሌላ ስድስት ዓመት እጠብቃለሁ። መልስ ከሌለ ደግሞ ከዚያው ከመቀመጫዬ ሆኜ፣ ያንኑ ሻርፕ እንደ ለበስኩ፣ እጮሃለሁ። የአባልነት ክፍያዬን ግን በየዓመቱ በሰዓቱ እከፍላለሁ፤ ጩኸቴ የባለቤት ጩኸት እንዲሆን።

በቅርቡ ስለ መዛወሪያችን የሚነግር ደብዳቤ ደረሰን። ባለቤቴ ስለ ትምህርት ቤት፣ እኔ ስለ ኪራይ ስንጨነቅ ልጄ የከተማውን የባቡር ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል። በሜዳው አቅራቢያ በኖቬምበር 2025 «አርደን» የሚባል አዲስ ጣቢያ ተከፍቷል። እንሄድባቸዋለን ከተባሉት ሰፈሮች ከያንዳንዱ ተነሥቶ እስከ አርደን ስንት ጣቢያ እንደሚሆን ይቆጥርና ከደብዳቤው ጀርባ ይጽፋል። ከሁሉ የራቀው 17 ጣቢያ ነው። «ይህም ቢሆን ቅርብ ነው» አለን።

ቸር እንሰንብት።